ቀፎውን የት እንስቀለው?

(ጅማ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ካደረግኩት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

አካም ጂርቱ። እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

ይህን ዝናብ ጥሳችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጅማ ስብሰባ በተጠራ ቀን መዝነብ አመሏ ነው፤ ሰበብ ፈልጎ ለሚቀር ሰው ትመቻለች። ቆርቆሮው ሲጮህ ድምፄ ካልደረሳችሁ ከኋላ እጃችሁን አውጡ። 22 ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት እንዲህ ባለ ቆርቆሮ ስር ስለሆነ መጮህ አያቅተኝም።

የተሰጠኝ ርዕስ «ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሞባይል እንዲጠቀሙ ይፈቀድላቸው ወይስ ይከልከሉ?» የሚል ነው። አዘጋጆቹ ርዕሱን እንደነገሩኝ ወዲያው «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከሁለቱም ተጣልቻለሁ» አልኳቸው። ስቀው ተውኝ፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። ከፈቃጆቹ ያጣላችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ከከልካዮቹ ያጣሉኝ ደግሞ አንዲት እናት ናቸው። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ታሪካቸውን ሳልነግራችሁ ወደ ሌላው ባልፍ ግን የምለው ሁሉ ባዶ ይሆንብኛል።

ከተማሪዋ ልጀምር።

ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። እንደምታውቁት ልጆቻችን እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ተምረው ይመጡና ዘጠነኛ ሲገቡ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ይህች ልጅ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ እየተመላለሰች የምትማር፣ ደፋር፣ ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር እጇን የምታወጣ ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ተነስታ እንድታነብልን ጋበዝኳት። «ቬሎሲቲ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች፣ በሦስተኛው እሷም ሳቀች፣ ክፍሉም ሳቀ፣ እኔም ፈገግ ብዬ አስተካከልኳት። ጨርሳ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለው ነገር በቀን አሥር ጊዜ ያጋጥማል። ያለፈ መስሎኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከኋላ፣ ከዴስክ ስር ስልክ መውጣቱን አላየሁም። በእረፍት ሰዓት ቪዲዮው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። የተደናቀፈችበት ቦታ ብቻ ተቆርጦ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየተደጋገመ፣ የሚስቅ ስቲከር ተለጥፎበት። እኔ የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የክፍሉን ወሬ መምህር መጨረሻ ነው የሚሰማው። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልከሰሰችም፣ ወላጅም አላመጣች። እጇን ማውጣት ብቻ ተወች። እስከ ሰኔ ድረስ አንድም ቀን አላወጣችም።

ስለ ሞባይል ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ትኩረትን ነው። ልጁ ጌም ይጫወታል፣ ቲክቶክ ያያል፣ አይሰማም እንላለን። እውነት ነው፣ አይሰማም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ካሜራው ነው። ክፍል ሰው እንዲሳሳትበት የተሠራ ቤት ነው። ልጁ ክብደትንና መጠነ ቁስን ያምታታል፣ እናርመዋለን፣ ስህተቱም ሰሌዳው ላይ ተጽፎ በዳስተር ይጠፋል። 40 ደቂቃው ሲያልቅ የጠመኔ አቧራ ሆኖ ይቀራል። ቪዲዮ ግን በዳስተር አይጠፋም። እየተቀረጸ መሆኑን የጠረጠረ ልጅ ለምን ብሎ እጁን ያወጣል? ሳይሳሳት ፊዚክስ የተማረ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ እኔን ጨምሮ።

እንግዲህ እስከዚህ ስትሰሙኝ ከልካይ መስያችኋለሁ። ወደ እናትየዋ ልምጣ።

ያን ጊዜ የነበርኩበት ትምህርት ቤት ደንብ አጭር ነበር። ክፍል ውስጥ የተገኘ ስልክ ይወረሳል፤ የሚመለሰው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። ከአንድ ልጅ እጅ ወሰድኩ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው እንዳይከፈት በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነው። የልጁን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። «ቲቸር፣ እባክህ» አለኝ። ሁሉም «እባክህ» ይላል። አልሰማሁትም።

ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ጠራ። ማክሰኞ ጠራ፣ ረቡዕ ጠራ። ንዝረቱ እንጨቱን ሲያንቀጠቅጠው አጠገቤ የሚቀመጠው መምህር «ይህን ጥንዚዛ አውጣልን» ብሎ ቀለደ። አርብ ከቀትር በኋላ ደጋግሞ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ባትሪው አልቆ ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት እናቱ መጡ። ነጠላቸው በካፊያ ርሷል። በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው።

«መምህር፣ ስልኩ የልጁ አይደለም። የቤቱ ነው» አሉኝ።

ታላቅ ልጃቸው ዓረብ አገር ሠራተኛ ናት። አሠሪዎቿ ስልክ የሚፈቅዱላት አርብ አርብ ብቻ ነው፤ አርብ ከቀትር በኋላ ትደውላለች። የጀንፈሉን ዋጋ ነጋዴው የሚነግራቸውም በዚያው ቀፎ ነው፤ ወሩ ደግሞ ኅዳር ነበር፣ ቡናው የሚለቀምበት። «ታዲያ ልጁ ይዞት እንዲወጣ ለምን ፈቀዱለት?» አልኳቸው፣ ጥፋቱን ወደ እሳቸው ላሸጋግር ብዬ። ቀና ብለው አዩኝ። «መጽሐፉ እዚያ ውስጥ ነው አለኛ» አሉ።

እውነትም መጽሐፉ እዚያ ውስጥ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመው መጽሐፍ እጃችን ሳይደርስ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ደረሰን። ለልጆቹ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉን በስልክ የላክሁም እኔ፣ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ የወረስኩትም እኔ። ደንቡን ጥሼ ስልኩን መለስኩላቸው። ዩኒት ሊደሩ በዚህ እንደ ተማሪ አቁሞ ተቆጣኝ፤ አልፈርድበትም፣ ደንብ አስከባሪ ነው። ያቺ አርብ ግን አልተመለሰችም።

ስልኩን «ቀፎ» ብሎ የሰየመው ሰው የኛ አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም እላለሁ አንዳንዴ። በዚህ በኛ አካባቢ ጫካ ገብታችሁ ካያችሁ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ነው የሚሰቀለው። ማር ጠልተን አይደለም፤ የጅማ ሰው ማር ጠላ ቢባል ማን ያምናል? ንብ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ እንዳይሰፍር ነው። ማሩ የሚቆረጥበት ወቅት ሲደርስ የሚያውቅ ሰው ጭሱን ይዞ ይወጣል። ወቅቱ ካለፈ ወይም ካልደረሰ ማንም አይነካውም። ቀፎውን የሚያቃጥልም የለም። እኛ በሞባይሉ ያደረግነው ግን ከሁለቱ አንዱን ነው፤ ወይ ልጆቹ ጉያ ውስጥ ትተነዋል፣ ወይ ቀፎውን ከነማሩ ወርሰናል።

ጣጣው የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግቢ ስልክ እንዳይጠቀሙ ከለከለች። ኔዘርላንድስ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች አስወጣችው። ብራዚልም በ2025 መጀመሪያ በሕግ ገደበችው። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከአራት አገሮች አንዷ እንኳ ሙሉ በሙሉ እንዳልከለከለች ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የከልካዮቹ ቁጥር ከፍ እያለ መጥቷል። ከኛ ቀድመው ስልክ የያዙት አገሮች ከራሳቸው ልጆች ሲደብቁት ማየት ትንሽ ያሳዝናል፣ ትንሽም ያስቃል።

ከጥናቶቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን በእንግሊዝ አገር በአራት ከተሞች 91 ትምህርት ቤቶችን ያየው ነው፤ ለንደን ያለ አንድ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው። ስልክ የከለከሉት ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው ከፍ አለ። ጭማሪው በዓመት አምስት ተጨማሪ የትምህርት ቀን የማግኘት ያህል ነው ብለው አሰሉት። ይህን ብቻ ቢሉ እኔም አልደነቅም ነበር። የደነቀኝ ውጤቱ ማን ላይ እንደጨመረ ነው። ጎበዞቹ ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። ስልክ ኖረም አልኖረም ያጠናሉ። ከሁሉ ይበልጥ የተሻሻሉት ወደ ኋላ የቀሩት ናቸው። እንግዲህ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ስልክ አይጎዳውም» የምትሉ ወላጆች ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የሚጎዳው አጠገቡ የተቀመጠው ነው።

ይህን «አጠገቡ» የሚለውን ቃል ሳልፈታው አልለፍ። ፒሳ የሚባል የ15 ዓመት ልጆች ዓለም አቀፍ ፈተና አለ፤ እኛ አልተሳተፍንበትም። በ2022ቱ ዙር ባደጉት አገሮች በአማካይ 65 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በገዛ መሣሪያቸው እንደሚዘናጉ ተናግረዋል። በሌላ ተማሪ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እዘናጋለሁ ያሉት ደግሞ 59 በመቶ ናቸው። እነዚያ ልጆች የሚቀመጡት አንድ በአንድ፣ ሲበዛ ሁለት ሁለት ሆነው ነው። እኔ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ይቀመጣሉ። መካከል ያለው ስልክ ካወጣ ግራና ቀኙም አብረው ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት ሦስቱም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አንድ ስልክ ስድስት ሰው ታደርሳለች።

ለሐቁ ስል ሌላውንም ልንገራችሁ። የእንግሊዙን ጥናት ስዊድን ውስጥ ሲደግሙት ያ ለውጥ አልተገኘም። በርሚንግሃም ያሉ ተመራማሪዎችም በ2025 ባወጡት ሥራ የከለከሉና የፈቀዱ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች አነጻጽረው በአእምሮ ጤናቸው ላይ ልዩነት አላገኙም። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ነው። ልጁ ከበር ሲወጣ ያቺን ስድስት ሰዓት ሊያካክስ እስከ እኩለ ሌሊት ካፈጠጠ እኔ ምን ላድርግለት? ስለዚህ እናንተ ወላጆች፣ ዛሬ መምህራኑን ልትወቅሱ ብቻ መጥታችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል።

አገራችን ራሷ ስልክን ፈርታም ለምናውም ታውቃለች። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በየስልኩ ተበተነ። የአገሩ ፈተና ሁሉ ተሰረዘ፤ ድጋሚው ሲሰጥ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው በአገር ደረጃ ተዘጋ። ልጆቼ ያን ጠዋት ፈተና ገብተው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አሁንም አይጠፋኝም። አራት ዓመት አልፎ መጋቢት 2012 ላይ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያን ጊዜ «ስልክ ይዛችሁ እንዳትመጡ» ስንላቸው የኖርናቸውን ልጆች «ስልክ አግኙ፣ ትምህርቱ በቴሌግራም ነው» አልናቸው። ስልክ ያለው ተማረ፣ የሌለው ቡና ለቀማ ሄደ። ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር ስልክ በር ላይ ቀረ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አንዳንዱ ሰው ይህን ቁጥር አንስቶ «አያችሁ፣ ያለ ስልክ ማንም አላለፈም» ይላል። ያ ሰው ተማሪዬ ከነበረ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የአንድ ትውልድ የትምህርት ውድቀት በአንድ ቀፎ አይመዘንም። የመጽሐፉ፣ የመምህሩ፣ የክፍሉ ብዛት፣ የስንቱ ነገር ድምር ነው።

አሁን «ቴክኖሎጂ ይግባ» ለሚሉት አንድ ነገር ላስታውስ። እዚህ የተቀመጣችሁ የኔ ዘመን መምህራን ፕላዝማን ትረሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃው ገባ። ትልቅ ስክሪን፣ ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት፣ የማናውቀው አነጋገር ያለው እንግሊዝኛ። የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ልጁ ያልገባው ነገር ኖሮ እጁን ሲያወጣ የፕላዝማው አስተማሪ አያየውም፤ እሱ ማስተማሩን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሁለት ሳምንቱ ምዕራፍ አብሮ ይጠፋል። አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይህ ሰውዬ አይጠብቅም እንዴ?» ያለኝን አልረሳውም። አይጠብቅም ነበር።

ስልክ ከፕላዝማ የሚሻልባት አንዲት ነገር ይህች ናት፤ ታቆመዋለህ። ይጠብቃል። ይህን ያየሁት በሥራ ነው፤ ስለ ፔንዱለም ሳስተምር። ላብራቶሪያችን ቁልፍ እንጂ ዕቃ የለውም፤ የሩጫ ሰዓት ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ሜትር ሲባጎ ለካን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርን፣ ከበሩ መቃን ላይ አንጠለጠልነው። ለስድስት ልጅ አንድ ስልክ። አንዱ ይለቃል፣ አንዷ በስልኩ ሰዓት ትይዛለች፣ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ሃያ ምልልስ። ቡድኖቹ ሁሉ 40 ሰከንድ አካባቢ አገኙ። ለሃያ ሲካፈል ሁለት ሰከንድ። ቀመሩ ውስጥ ሲያስገቡት የመሬት ስበት ከ9.8 ብዙም ሳይርቅ ወጣ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ከበሩ መቃን ሲወርድ አዩት። አንዱ ልጅ አላመነም። «ድንጋዩን ትልቅ ብናደርገውስ?» አለ። አደረግነው፤ ያው 40 ሆነ። ዝም ብሎ ድንጋዩን ሲያየው ቆየ። ያን ቀን ማንም ቲክቶክ አልከፈተም። ስልኩን የያዘችው አንዲት ልጅ ነበረች፣ አምስቱ ደግሞ ያዩዋት ነበር።

ከዚያ ክፍለ ጊዜ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው። ስልክ ክፍል ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሥራ ይዞ ይግባ፤ በመምህሩ ጥሪ፣ በቡድን አንድ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚወጣ። ፒዲኤፉም እንደዚሁ። ሦስቱ የዴስክ ጓደኞች በአንድ ስልክ ያንብቡ፤ በሦስት ስልክ ካነበቡ ሦስቱም አያነቡም።

ሰሌዳ ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ግን ምሕረት የለኝም። አሁን አሁን ልጆቹ ደብተር አይጽፉም፤ ልክ ጨርሼ ዞር ስል ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ይነሳል፣ የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። አንዱን «ያለፈውን ሳምንት አሳየኝ» አልኩት። ጋለሪውን ከፈተ። የራሱ ፎቶ፣ የጅማ አባ ጅፋር ማሊያ፣ የጓደኛው ልደት፣ ሰሌዳ፣ ፍየል፣ ሰሌዳ፣ እንደገና የራሱ ፎቶ። እያንሸራተተ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ደወል ተደወለ። የቤት ሥራውን ለቻትጂፒቲ አሠርቶ የሚያመጣውንማ ተዉት፤ እኔ ራሴ የማልጽፈው እንግሊዝኛ እየመጣልኝ ነው። ያን ለሌላ ቅዳሜ እናቆየው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ፤ ስለ እኛ ስለ መምህራን።

ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጥያቄ እየሠራ፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ «ጢን» አለች። የባንክ መልእክት ድምፅ ነው፤ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃታል። እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ገባ። አውጥቼ አየሁ። ቀና ስል 60 ልጅ ያየኛል። ከፊተኛው ዴስክ አንዱ በጣም በትሕትና፣ «ቲቸር፣ ገባ?» አለኝ።

ክፍሉ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ያን ዕለት ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የልጅቷን ቪዲዮ የቀረጸውን ልጅ «አታፍርም?» ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። እነሱ ደንቡን የሚማሩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከኪሴ ነው የሚማሩት። ከዚያ ወዲህ የኔ ስልክ ያልተሰቀለበት ክፍል ውስጥ የማንንም ስልክ አላሰቀልኩም።

«ማሰቀል» ያልኩት የምሬን ነው። መርካቶ ሄጄ ሁለት ባዶ የቡና ጆንያ ገዛሁ። አንድ ልብስ ሰፊ ተርትሮ ገጠማቸውና በአምስት ረድፍ 60 ኪስ ሰፋልኝ። ሲሰፋ «ለምንድን ነው?» አለኝ፤ «ለቀፎ» ስለው ንብ የማረባ መስሎት «በዚህ ንብ ይይዛል?» ብሎ ተገረመ። ሰሌዳው አጠገብ ሰቀልኩት። ስንገባ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ይገባል፤ ስንወጣ እያንዳንዱ የራሱን ይወስዳል። በክፍለ ጊዜው ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ስለዚህ አይሰረቅም። አይወረስም፣ አይቆለፍም፣ አርብ ከቀትር በኋላ መሳቢያ ውስጥ የሚጠራ ስልክ የለም። ቤት ውስጥ ታማሚ ያለበት ወይም ጥሪ የሚጠብቅ ልጅ ጠዋት ይነግረኛል፤ ስልኩን ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ሲጠራ ወጥቶ ያነሳል። እስካሁን በዚህ ያታለለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ደዋዩ እናቱ ሳትሆን ፍቅረኛው ሆና ተገኘች።

መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ሥርዓት ላሳምር ብዬ ኪሶቹ ላይ የስም መጥሪያውን ቁጥር ጻፍኩ፤ አንድ ቁጥር ለአንድ ተማሪ። ማን እንዳስገባ ማን እንዳላስገባ በአንድ እይታ ለማወቅ። ሰነፍ መምህር ቁጥር ይወዳል። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ እያወጡ ሲከፋፈሉ አንዱ ስልክ ወደቀ። አነሳሁት። ቀላል ነው፣ እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ። ገለበጥኩት፤ ባትሪ የለውም። ውስጡም የለም፣ ልባሱ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ቁጥሩን አየሁ። ልጁ አጠገቤ ቆሟል፣ እያየኝ አይደለም፣ መሬት መሬት ያያል።

ስልክ የለውም። ኪሱ ባዶ ሆኖ ሁሉም ሰው እንዳያየው የሞተ ቀፎ ከየትም ፈልጎ አመጣ። በየቀኑ ጠዋት ያስገባል፣ ሲወጣ ያወጣል። እኔ የስልክ ጉዳይ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ለባልደረቦቼ ስፎክር፣ ለዚህ ልጅ ግድግዳ ላይ የድህነት ዝርዝር ሰቅዬበት ነበር።

«ሰዓቱ ሞልቷል፣ ሂድ» ብዬ ቀፎውን ሰጠሁት። ማታ ላይ ወደ ክፍሉ ተመልሼ ቁጥሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ፈገፈግኳቸው፤ አንዳንዶቹ አሁንም በስሱ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ባገኘው ኪስ ያስገባል። ባዶው የማን እንደሆነ ማንም አይቆጥርም። ማን ደበቀ ማን አልደበቀ በአንድ እይታ ማወቅ ቀረብኝ፤ ይቅርብኝ። ያ ልጅም ሁለት ሦስት ቀን ቀፎውን ይዞ ከመጣ በኋላ ተወው።

እንግዲህ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። የመውረሱ ደንብ ይሻር። በየክፍሉ ጆንያ ይሰቀል፤ ዋጋው ከአንድ ቀን ቡናና ሻይ አይበልጥም፣ ልብስ ሰፊውም አሁን ለምን እንደሆነ ያውቃል። መምህሩ መጀመሪያ ይስቀል። ካሜራ ክፍል ውስጥ ያለ ፈቃድ ያወጣ ካለ ግን እዚያ ላይ ቅጣቱ ይጥበቅ፣ ይህን አላለሳልስም። ዳይሬክተሩ «ስልክ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ከክፍል አለቃው ጋር ሆኜ እኔ እጠየቃለሁ፣ በጽሑፍም እፈርማለሁ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ጆንያውን ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ስትወጡ እየነካካችሁ እዩት። የኔም ስልክ እዚያው ነው፣ ከላይ ረድፍ ሦስተኛው ኪስ፤ እናንተን ሳናግር ከሰዓቱ ሁሉ አላየሁትም። ብቻ ጥያቄያችሁን አሳጥሩልኝ። ዛሬ ቀኑ 28 ነው፣ ገብቶ እንደሆነ አላወቅኩም።